የሹዋሊድ ምሽትና የአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር በሐረር ከተማ ያሳለፍኩት አንድ ቀን ነው። በዓል ለማየት ብዬ ሄጄ የራሴን ገመና አይቼ ተመለስኩ። ምናልባት ከአንባብያን መካከል እንደ እኔ ያለች እህት ብትኖር ትማርበት ይሆናል በሚል ሳልሸሽግ እንደሆነው አድርጌ አቀርበዋለሁ።

በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ለመማር ከየአገራችን የመጣን ሦስት ሙስሊም ልጃገረዶች አንድ የመኝታ ክፍል ደረሰን። አንዷ የሐረር ልጅ፣ ሁለተኛዋ የወሎ ልጅ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የመርካቶ ልጅ የሆንኩት እኔ ነኝ። ለፈጅር ሰላት የምንቀሳቀሰው፣ በረመዳን በአንድ ሳሕን የምናፈጥረው፣ ገንዘብ ሲያልቅብን የምንበዳደረው ሦስታችን ነበርን። የወሎዋ አያቷ መንዙማ አዋቂ ስለነበሩ ከእርሳቸው የሰማችውን እሷ ታወጣለች፤ የሐረሯ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ እንደ ከበሮ ትመታለች፤ እኔ አጨበጭባለሁ። ጎረቤት ክፍል ያሉት ግድግዳውን እስኪደበድቡብን ድረስ እንዲህ እናመሽ ነበር።

ጊዜው አለፈ። ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራና ወደ ትዳር ገባን። የወሎዋ ጓደኛችን ኪታብ መቅራት ጀመረች፤ ደርስ አታቋርጥም ነበር። በዲኗ ጠነከረች። ከዚህም ጋር በከበሮ የሚደረግ ዝክርና ወሊዮች የተቀበሩበት ቦታ ሄዶ ማክበር ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያልመጣ ነገር ነው ወደሚለው አቋም ደረሰች። ያ በልጅነቷ የምታወጣው መንዙማ ከአንደበቷ ጠፋ።

በ2005 ዓ.ም. የሐረሯ ጓደኛችን ተዳረች። ሁለታችንም ተጠርተን ሄድን። በሠርጉ ዋዜማ ሴቶች ተሰብስበው ከበሮውን አንስተው ዝክር ሲጀምሩ፣ ከፊት ሆነው የሚያወጡት የሙሽራዋ እናት ነበሩ። የወሎዋ ጓደኛችን ከተቀመጠችበት ተነሳች። በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል አልፋ ወጣች፤ በር ላይ ስትደርስም «ይህ ዲን አይደለም» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። እናትየውም ሰሙ። ከበሮው ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ከዚያች ምሽት ጀምሮ አልተነጋገሩም።

በመካከል የቀረሁት እኔ ነኝ። የእኔን ድርሻ ቆይቼ እናገራለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በረመዳን መጨረሻ ላይ የሐረሯ ስልክ ደወለች። «እናቴ ታመዋል፤ ጉልበታቸው ከቤት አላስወጣ ብሏቸዋል። ‹እነዚያን ሁለት ልጆቼን ለሹዋሊድ ጥሪልኝ› ብለዋል» አለችኝ። «ሁለቱንም?» ስላት «ሁለቱንም ነው ያሉት» ብላ ስልኩን ዘጋች። የወሎዋን ስነግራት ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ታማሚ መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ነው፤ እሄዳለሁ። በዓሉ ቦታ ግን አልደርስም» አለችኝ።

አሥራ አራት ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ ሦስት ሆነን በአውቶቡስ ተጓዝን። ከአዲስ አበባ ሐረር ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሌሊት ተነስተን አዋሽን፣ አሰበ ተፈሪን፣ ሒርናን አልፈን ወደ ማታ ላይ ደረስን። ልጄ መንገዱን ሙሉ የስልኳን ማዳመጫ ከጆሮዋ አላወጣችም። የወሎዋ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ስትቀራ ዋለች። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ ውሃ መያዙን ስናይ ብቻ «ሱብሐነላህ! አላህ የደረቀውን ይመልሳል» አለች። ስለ ሐይቁ ብቻ የተናገረች አልመሰለኝም።

በነጋታው የበዓሉ ቀን ነበር። ሹዋሊድን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። የረመዳን ጾም አልቆ ዒድ ከዋለ በኋላ በሸዋል ወር ስድስት ቀን መጾም የተወደደ ሱና ነው። ረመዳንን ጾሞ ይህን ያስከተለ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾመ እንደሚቆጠርለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማዎች ሲያብራሩት አንድ መልካም ሥራ በአሥር ይባዛል፤ ሠላሳው ቀን ሦስት መቶ፣ ስድስቱ ቀን ስድሳ ይሆናል ይላሉ። በሐረር ይህን ጾም በተለይ አጥብቀው የሚይዙት ሴቶች ናቸው። ስድስቱ ቀን ሲያበቃ ሕዝቡ በደስታ ወጥቶ አዋች በሚባሉት የወሊዮች ስፍራዎች፣ በይበልጥም በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ፣ በዝክር ያመሻል። ሹዋሊድ ማለት ይህ ነው። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ከመስቀል፣ ከፍቼ ጫምባላላ፣ ከገዳና ከጥምቀት ቀጥሎ ከአገራችን አምስተኛው መሆኑ ነው። እኛ የሄድንበት በዓል ከተመዘገበ በኋላ የመጀመሪያው ስለነበር ከተማይቱ በእንግዳ ተጨናንቃ ነበር።

ጠዋት ልጄንና እኔን የሐረሯ ጓደኛዬ ጀጎልን አስጎበኘችን። አሚር ኑር በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች! በግንቡ ውስጥ ሰማንያ ሁለት መስጊዶች እንዳሉ ስትነግራት ልጄ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ አወጣች። «ሰማንያ ሁለት? በዚህች ውስጥ?» አለች። «ሰው ሁሉ ለሰላት ቅርብ እንዲሆን ነዋ!» አለቻት ጓደኛዬ።

የወሎዋ አብራን አልመጣችም። እናትየው ዘንድ ቀረች። ሁለቱ ጓደኞቼ ማታ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አንዷ ያለችበት ክፍል ሌላዋ ስትገባ ወሬ ይቆማል። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ለመሙላት ስለ ዋጋ ንረት ሳይቀር አወራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሥራ ተጣደፈ። የሐረሪ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከመግቢያው ትይዩ ነደባ የሚባሉት መደቦች በደረጃ ተሠርተው ምንጣፍ ለብሰዋል፤ ግድግዳው በተሰፉ ሰፌዶችና ሙዳዮች ተሞልቷል። ሴቶቹ ሑልበት መረቅ ሲያዘጋጁ፣ ሳምቡሳ ሲጠብሱ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በማንቆርቆሪያ ሲያፈሉ ዋሉ። ዐስር ከሰገድን በኋላ ልብስ መልበስ ተጀመረ። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ሐር ልብስ! ልጄንም አለበሷት። ራሷን በመስተዋት ስታይ ሁለተኛውንም ማዳመጫ አወጣች።

እናትየው ከመደቡ ላይ ተደግፈው ያዩናል። ከጎናቸው አሮጌ ከበሮ ተቀምጧል፤ እነሱ ከራቡ ይሉታል። የወሎዋ እግራቸውን በሞቀ ዘይት ታሽላቸዋለች። «ሒዱ፤ እኔ ዘንድ ልጄ አለችልኝ» አሉን።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ወጣን። መንገዱ በሙሉ ሰው ነው። ከዲያስፖራው፣ በተለይ ከቶሮንቶ የመጡ ሐረሪዎች ልጆቻቸውን እጅ እጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ አያቶች በሐረሪ ይመልሳሉ። ስፍራው ስንደርስ መጀመሪያ የሰማነው ቁርኣን ነበር። ከዚያ ዝክሩ ተጀመረ። አንድ ሰው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከበል የሚሉትን የእንጨት ማጨብጨቢያ የያዙት ወንዶችና ሴቶች ባንድ ላይ ሲመቱት መሬቱ ከእግር ሥር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ስመ አላህና ሶለዋት ይደጋገማል። ሽማግሌው ያለቅሳል፤ ወጣቱ ያሸበሽባል። እውነቱን ለመናገር የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ጀሪካኗ ትዝ አለችኝ።

ይሁን እንጂ ዓይኔ ሌላም ነገር አየ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ራሳቸውን ብቻ የሚቀርጹ ነበሩ። ግፊያው ወንዱንና ሴቱን አደባልቆታል። የዒሻ አዛን ሲሰማ ብዙዎች ተነስተው ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ ያልሰሙ መስለው የተቀመጡም ነበሩ። ይህንን የምጽፈው በዓሉን ለማጣጣል አይደለም፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል።

ከሰላት ስንመለስ ልጄ እጄን ያዘችና «እማ፣ ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ዒባዳ?» አለችኝ።

«ዑለማዎች ተለያይተውበታል» አልኳት። ይህ ሐሰት አይደለም። በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች የምእመናን እናት በሆነችው በዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ደፍ እየመቱ ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ተቆጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሕዝብ ሁሉ ዒድ እንዳለው ገልጸው ልጆቹን እንዲተዋቸው ማዘዛቸው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ መጽሐፋቸው ስለ ሰማዕ ሰፊ ክፍል ጽፈው ከነሸርጡ ፈቅደውታል፤ ኢብን ተይሚያን የመሳሰሉ ሊቃውንት ደግሞ አጥብቀው ተቃውመውታል። ይህን ሁሉ አስረዳኋት።

«እሺ፣ አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ማን ነኝና? ሁሉም የየራሱ ማስረጃ አለው» አልኳት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትመልሺው» ብላ እጄን ለቀቀችና ከበሮው ወዳለበት ፊቷን አዞረች። የልጅ ነገር ብዬ አለፍኩት።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። የሐረሯ ጓደኛዬ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እኛንም በእጇ አስቆመችን። የወሎዋ ጓደኛችን ሱረቱ ያሲንን በዝግታ እየቀራች ነበር። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ደግሞ ከጎናቸው ባለው ከበሮ ቆዳ ላይ ድምፅ ሳይሰጡ ይንቀሳቀሳሉ። ቀሪዋ ታያለች፤ አላስቆመቻቸውም። እሳቸውም አልመቱትም።

ቀርታ ስትጨርስ ገባን። እናትየው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ዛሬ ይህችን ልጅ ‹ለምን አልሄድሽም?› አላልኳትም። ‹ሸዋልን ጾመሻል ወይ?› ብዬ ነው የጠየቅኳት። ‹ስድስቱንም› አለችኝ። እኔም ስድስቱንም ጾሜያለሁ። አንድ ጾም የጾምን ሰዎች ስለ አፈጣጠራችን ስንጣላ አሥራ አንድ ዓመት መሙላታችን ያሳፍረኛል።»

የወሎዋ ከመደቡ ወርዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «እማ፣ አቋሜን አልለወጥኩም። ዛሬም ያንኑ ነው የማምነው። ግን ያን ቀን በቤትዎ፣ በልጅዎ ሠርግ፣ በሰው ሁሉ ፊት እንዲያ ብዬ መውጣቴ ከነቢዩ አደብ አልነበረም። ለብቻዎ ልነግርዎ እችል ነበር። አፉ ይበሉኝ» አለች።

«አፉ ብዬሻለሁ፤ ዛሬ አይደለም ያልኩሽ፤ ያኔ ከበሮውን መልሼ ሳነሳ ብዬሻለሁ» አሉ።

በዚህ ጊዜ የሐረሯ ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ «እኔንም ያስከፋኝ ፈትዋሽ አልነበረም። እናቴን ማዋረድሽ ነበር» አለች። ቀጥላም «ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አንዴ እንኳ ያልደወልሽው ትክክል ነኝ ብለሽ መስሎኛል። ይህች እንኳ» ብላ ወደ እኔ እያመለከተች «ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት ትለኝ ነበር» አለቻት።

የወሎዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ለአንቺ እንደዚያ አለችሽ? ለእኔ እኮ ‹አላጠፋሽም፤ እውነት ነው የተናገርሽው፤ ጊዜ ስጫት፣ ራሷ ትደውልልሻለች› ነው ያለችኝ» አለች።

ዝም አልን። አራት ሴቶችና አንዲት ልጅ ናቸው የሚያዩኝ፤ አራተኛዋ ውሃ ይዛ የገባችው የቤቱ ሠራተኛ ነበረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ውድ አንባብያን፣ ቀደም ብዬ «የእኔን ድርሻ ቆይቼ እናገራለሁ» ያልኩት ይህንን ነው። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ሁለቱም ደወሉልኝ። የሐረሯ እያለቀሰች «ትክክል ነው የሠራችው?» ስትለኝ «በፍጹም!» አልኳት። የወሎዋ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «አላጠፋሁም አይደል?» ስትለኝ «ምን አጠፋሽ?» አልኳት። ሁለቱንም ስለምወድ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያዳንኩት የእነሱን ጓደኝነት አልነበረም፤ የራሴን ነበር። ሁለቱም እንዳይቀየሙኝ ብዬ ለሁለቱም የመኮራረፊያ ስንቅ አቀበልኳቸው። የወሎዋ በዚያ ሳምንት ልቧ ተሰብሮ ነበር፤ «ሒጂ፣ እናትየውን ይቅርታ ጠይቂ» ብላት ኖሮ በማግሥቱ ትሄድ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ከሰው ሁሉ የከፋው እነዚያን በአንድ ፊት፣ እነዚህን በሌላ ፊት የሚቀርብ ባለ ሁለት ፊት ሰው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸውን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ስሰማው ግን የሚታየኝ ሐሜተኛና አጣይ ሴት ነበር። ፈገግ ብላ ሁሉንም «ልክ ነሽ» የምትል ደግ ሴት በዚያ ሐዲስ ውስጥ ትገባለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም በላጩ በሰላምታ የሚጀምረው መሆኑንም አውቃለሁ። ይህንን ለሁለቱም መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልነገርኳቸውም።

«አፉ በሉኝ» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

የሐረሯ ወዲያው አልመለሰችልኝም። የወሎዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ «ያኔም እኮ ስታጨበጭቢ ከሁለታችንም ጋር አትገጥሚም ነበር» አለች። የሐረሯም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እናትየው «ቁጢውን አሙቁ፤ ሊነጋ ነው» አሉ። እስከ ፈጅር ቁጭ ብለን አወራን። አንዳንዱ ወሬ መረር ያለ ነበር፤ በከበሮው ጉዳይ ሁለቱ ጓደኞቼ እንደገና ተከራከሩ፤ አልተስማሙምም። ግን ፊት ለፊት ተያይተው ነው የተከራከሩት፤ ማንም ተነስቶ አልወጣም። ፈጅር ላይ አንድ ሰፍ ሆነን ሰገድን።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ማዳመጫዋን በእጇ ይዛ ነበር። ያንን ጥያቄ እንደገና እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነበር፤ ከዚያ እኔው ራሴ አነሳሁላት። «የትናንትናው ዝክር ውስጥ ያለውን የአላህን ስምና ሶለዋት እወዳለሁ። ወሊይ ዘንድ ሄዶ ከአላህ ሌላ መለመንን ግን አልቀበልም፤ ሰላት ያሳለፈ ዜማ ሁሉም ለእኔ ጥሩ አይደለም፤ በስልክሽ ያለውም ጭምር። ልሳሳት እችላለሁ፤ የእኔ ሐሳብ ግን ይኸው ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አሰበች። «በሁሉም አልስማማም» አለችኝ። «ግን ነገርሽኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሦስታችን በስልክ እንገናኛለን። አንዷ ስለ ሌላዋ ስትጠይቀኝ «እሷኑ ጠይቂያት» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ቅዝቃዜ የሚመስል ነገር አለው፤ ነገር ግን ከማርና ከቅቤ ምላስ የተሻለ መድኃኒት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እህቶቼ፣ በዙሪያችሁ የተኮራረፉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩና ሁለቱም እናንተን የሚወዱ ከሆነ፣ ለእያንዳንዳቸው ስለ ሌላው የምትናገሩት ቃል ሌላው ቢሰማው የማታፍሩበት መሆኑን መርምሩ። እኔ ሳልመረምር አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ሰዎችን ማስታረቅ ከትልልቅ የኸይር ሥራዎች አንዱ ነው፤ መጀመሪያው ግን ምላስን አንድ ማድረግ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የስድስቱን ቀን ጾማችንን ይቀበለን፤ ለእናታችን ዓፊያቸውን ይመልስላቸው፤ በመሐከላችን ያለውን ያስተካክልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።